የባቲ ዳገት፣ መክሰስና ኢንሱሊን

ሰኞ የባቲ ገበያ ቀን ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን የምናገኛት ይህች ከተማ የደጋውና የቆላው መገናኛ በመሆኗ፣ በዚያን ዕለት አፋሩ ግመሉንና ጨውን፣ ኦሮሞውና አማራው እህሉንና ከብቱን ይዞ ይመጣባታል። ስሟ ሲነሣ አስቀድሞ ቅኝቱ ትዝ የሚለው አንባቢ እንደሚኖር አንጠራጠርም፤ እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ዜማዋን ሳይሆን ዳገቷን ነው። ከዙሪያው መንደሮች ወደ ገበያው የሚመጣው ሕዝብ ብዙው እግረኛ ሲሆን፣ ከከፍታው ለሚነሣ ሰው ጠዋት ቁልቁለት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዳገት ይጠብቀዋል። ለጤነኛ ወጣት ይህ ጉዞ ድካም ብቻ ነው። ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ላለበት ወጣት ግን ያው ዳገት አስቀድሞ ሊሰላ የሚገባው ጥያቄ ነው፤ ሒሳቡ ከተሳሳተ ከመንገድ ዳር ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል።

የፊዚክስ ሰዎች በሐኪሞች ሥራ ምን አገባቸው የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። የኢንሱሊንን መጠን መወሰን የሐኪም ሥራ ነው፤ ይህን ጽሑፍ አንብቦ መጠኑን በራሱ የሚቀይር ሰው እንዳይኖር አደራ እንላለን። ነገር ግን በዳገቱ ላይ የሚሆነው ነገር በመሠረቱ የኢነርጂ ገቢና ወጪ ነው። ይህን ደግሞ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ተምረነዋል።

እንደሚታወቀው የስኳር ሕመም ስሙ አንድ ይሁን እንጂ በሽታው አንድ አይደለም። በጎልማሶች ላይ በብዛት የሚታየው ዓይነት ሁለት የሚባለው ሲሆን፣ በእርሱ የተያዘ ሰው ሰውነቱ ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ይሁን እንጂ በሚገባ አይጠቀምበትም። በዓይነት አንድ ግን የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት ራሱ ተሳስቶ በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ህዋሳት ያጠፋቸዋል። ብዙውን ጊዜ በልጅነትና በወጣትነት ይጀምራል፤ መንስኤውም ስኳር መብላት አይደለም። ኢንሱሊን ከውጭ ካልተሰጠ ሕይወት አይቀጥልም። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ እነ ፍሬድሪክ ባንቲንግ ያወጡትን ኢንሱሊን በመርፌ ሲወስድ በታሪክ የመጀመሪያው ታካሚ ሆነ። ከዚያ በፊት የነበረው ሕክምና ልጆቹን በረሃብ ማቆየት ስለነበር የሊዮናርድ ክብደት 29 ኪሎ ግራም ብቻ ደርሶ ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1926፣ ለንደን ውስጥ ይሠራ የነበረው ስኮትላንዳዊ ሐኪም ሮበርት ዳንኤል ሎውረንስ በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ያው አንድ መጠን ኢንሱሊን ታካሚው አካሉን ሲያንቀሳቅስ የደም ስኳርን ተቀምጦ ከሚያወርደው ይበልጥ እንደሚያወርድ አሳየ። ሎውረንስ ራሱ የበሽታው ተጠቂ የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1923 ኢንሱሊን ደርሶለት ከሞት የተረፈ ሰው ነው። ከመቶ ዓመት ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈው ሁሉ የዚያ ጽሑፍ ማብራሪያ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

የስኳሩ ገንዳ

አንድ ትልቅ ሰው 5 ሊትር ገደማ ደም አለው። ከምግብ በፊት በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በእያንዳንዱ ዴሲሊትር 100 ሚሊግራም ያህል ግሉኮስ ይገኛል። 5 ሊትር 50 ዴሲሊትር ነውና፣ ስናባዛው በጠቅላላው ደም ውስጥ ያለው ግሉኮስ 5 ግራም ይሆናል፤ ይኸውም አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። በህዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ ብንጨምርበት እንኳ ድምሩ ከ15 ግራም ብዙ አያልፍም። አንጎልን የሚያህል ባለ ብዙ ወጪ አካል በዚህች ቁንጽል ስንቅ ላይ ተመሥርቶ መኖሩ እኛን ሁልጊዜ ያስደንቀናል።

ይህን እንደ ትንሽ የውሃ ገንዳ እናስበው። በአንድ በኩል ከአንጀትና ከጉበት የሚመጣ መግቢያ አለው፤ በሌላ በኩል ወደ አንጎል፣ ወደ ጡንቻና ወደ ሌሎች አካላት የሚወስድ መውጫ አለው። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ተቀምጦ ሳለ ከገንዳው በደቂቃ 0.12 ግራም ያህል ይወጣል። ፈጠን ብሎ ሲራመድ ይህ ሦስት አራት እጥፍ ያድጋል፤ 0.4 ግራም እንበል። መግቢያው ቢዘጋ በደም ውስጥ ያለው 5 ግራም በ12 ደቂቃ፣ ጠቅላላው 15 ግራም ደግሞ ከ40 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ባለቀ ነበር።

በጤነኛ ሰው ይህ የማይደርሰው መግቢያው ስለማይዘጋ ነው። እግር መንቀሳቀስ ሲጀምር ቆሽት የኢንሱሊንን ፍሰት ይቀንሳል፤ ግሉካጎን የተባለውን ተቃራኒ ሆርሞን ይጨምራል፤ ጉበትም ካከማቸው 100 ግራም ገደማ ግላይኮጅን እየቆነጠረ ወደ ደም ይለቃል። ጡንቻ በበኩሉ ሲኮማተር ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝ የግሉኮስ በሮቹን ራሱ ይከፍታል። መውጫው በሰፋ መጠን መግቢያው ይሰፋል፤ የገንዳው ከፍታም ሳይነቃነቅ ይኖራል።

በመርፌ የተወሰደ ኢንሱሊን ግን የሚቀነስበት መንገድ የለውም። ከቆዳ ሥር የተቀመጠው ፈሳሽ ሰውዬው ይተኛ ይሩጥ ሳያውቅ ወደ ደም መግባቱን ይቀጥላል። ኢንሱሊን ደግሞ ለጡንቻ «ክፈት» ብቻ ሳይሆን ለጉበትም «ዝጋ» የሚል መልእክት ነው። ስለዚህ ታካሚው ዳገት ሲጀምር መውጫው በኢንሱሊንም በእንቅስቃሴም በሁለት እጅ ይከፈታል፤ መግቢያው ግን እንደተዘጋ ይቆያል። የቀረው መግቢያ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም አፍ ነው። መክሰስ ለዓይነት አንድ ታካሚ የሕክምናው ክፍል የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የዳገቱ ሒሳብ

አሁን አንዲት የ17 ዓመት ተማሪ እንውሰድ። ክብደቷ 55 ኪሎ ግራም ነው። መንደሯ ከገበያው 6 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ በከፍታም 400 ሜትር በልጣ የምትገኝ እንበል። ክብደቷን ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ የሚያስፈልገው ሥራ 55 ሲባዛ በ9.8 ሲባዛ በ400፣ ማለትም 216 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። የሰው ጡንቻ ግን ከሚያቃጥለው ነዳጅ ወደ ሥራ የሚለውጠው አንድ አራተኛውን ያህል ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ በላብ ይሄዳል። ስለሆነም ለከፍታው ብቻ 860 ኪሎ ጁል ያህል ታወጣለች። 6 ኪሎ ሜትሩን ወደ ፊት ለመራመድ ደግሞ 690 ገደማ ይጨመራል። ድምሩ 1550 ኪሎ ጁል ነው። የዚህን ግማሽ ከካርቦሃይድሬት፣ የቀረውን ከስብ ታገኛለች ብንል፣ ከአንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 17 ኪሎ ጁል ስለሚገኝ የሚያስፈልጋት 45 ግራም ይሆናል። ከፊሉን ጡንቻዋ ከራሱ ጎተራ ይሸፍናል፤ የቀረው ከዚያችው ትንሽ ገንዳ ይቀዳል። ይህ ሁሉ ግምት ነው። ሆኖም በገንዳው ውስጥ ካለው 15 ግራም ጋር ሲተያይ ነገሩ የትኛው ወገን እንደሚያደላ ይናገራል።

እዚህ ላይ ሰዓቱ ይጨመራል። በአገራችን የሚገኙ ብዙ ታካሚዎች የሚወስዱት ኤንፒኤች የተባለውን ደመናማ ኢንሱሊን፣ ለብቻው ወይም ከፈጣኑ ጋር ተቀላቅሎ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ይህ ዓይነቱ ኢንሱሊን እኩል አይፈስም፤ ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ጉልበቱ ይበረታል። ተማሪያችን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከተወጋች የኢንሱሊኑ ጫፍ ከረፋዱ 5 እስከ ቀኑ 11 ሰዓት መካከል ይውላል። ከገበያ ወጥታ ዳገቱን የምትጀምረው 8 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ ላይ 1500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ባቲ በዚያ ሰዓት ትሞቃለች፤ ሙቀት ደግሞ ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች በማስፋት ኢንሱሊኑ ቶሎ እንዲመጠጥ ያደርጋል። ጠዋት የወጋችው ጭኗን ከሆነ የሚሠራው እግር ራሱ ያፋጥነዋል፤ ለዚህም ነው ብዙ መንገድ በሚኬድበት ቀን ከጭን ይልቅ ሆድ የሚመረጠው። ምሳዋን በገበያ ግርግር ዘልላው ከሆነ ደግሞ የሚገጣጠመው ችግር አራት ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የተለያዩ አገሮች ባለሙያዎች ያወጡት የጋራ ስምምነት እንደሚለው፣ ረዘም ላለ እንቅስቃሴ ሲነሡ የደም ስኳር ከ126 እስከ 180 ሚሊግራም በዴሲሊትር ቢሆን ይመረጣል። ከ90 በታች ከሆነ አስቀድሞ ከ10 እስከ 20 ግራም ካርቦሃይድሬት ይወሰዳል። የኢንሱሊኑ መጠን ሳይቀነስ ረጅም ጉዞ ከተደረገም በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ሊያስፈልግ ይችላል። ምክሩ ጥሩ ነው። ችግሩ የመለኪያ መሣሪያና በየቀኑ የሚገዛ ስትሪፕ አለ ብሎ መነሣቱ ነው። በባቲና በከሚሴ ገጠር መሣሪያው ቢገኝ ስትሪፑ አልቋል፤ ስትሪፑ ቢገኝ ዋጋው አይቀመስም። መለካት ለማይችል ሰው የቀረው አማራጭ አስቀድሞ አስልቶ፣ በሰዓት ቀጥሮ መብላት ነው። ራበኝ እስኪል መጠበቅ አይገባውም፤ ከነጭራሹ በኢንሱሊን ጫፍ ሰዓት የሚመጣ ረሃብ ራሱ የማስጠንቀቂያ ደወል ሊሆን ይችላልና።

በኪስ ምን ይያዝ?

ቋንቋችን ለዚህ ነገር የራሱ ቃል ስላለው ደስ ይለናል። መክሰስ በምሳና በራት መካከል የሚበላ ነው፤ ሰዓቱም ከተማሪያችን ዳገት ጋር የገጠመ ነው። ነገር ግን መክሰስ ሁሉ አንድ ሥራ አይሠራም። ከመንገድ በፊትና በመንገድ ላይ ገንዳውን ቀስ እያለ የሚሞላ አለ፤ ገንዳው ባዶ ሊሆን ሲል ፈጥኖ የሚያድን አለ። ሁለቱን ማምታታት አደገኛ ነው።

ቀስ ብሎ ከሚሞላው ወገን የአገራችን ምግቦች እጅግ ምቹ ናቸው። አንድ ጭብጥ፣ 30 ግራም ያህል የገብስ ቆሎ 20 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ይይዛል። ቆሎ አይበላሽም፣ ሙቀት አይፈራም፣ በኪስ ይያዛል፤ ውጭ አገር በውድ ዋጋ የሚሸጡት የስፖርተኛ ብስኩቶች ከዚህ የሚበልጡበት ነገር አይታየንም። በሶ፣ ቂጣ፣ ዳቦ፣ ንፍሮና የማሽላ ፈንድሻም ከዚሁ ወገን ናቸው። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ገደማ ሰጥቶ በሁለቱ መካከል ይቆማል።

የደም ስኳር ከ70 ሚሊግራም በታች ሲወርድ ግን ቆሎ አያደርስም። ማላመጥ፣ መፈጨት፣ ስታርቹም ወደ ግሉኮስ መበታተን አለበት። ለውዝማ አብዛኛው ስብ ስለሆነ በዚህ ሰዓት የሚረዳው እጅግ ጥቂት ነው። እዚህ የሚፈለገው 15 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር ነው፤ ይህም በውሃ የተበጠበጠ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ወይም የለስላሳ መጠጥ ግማሽ ጠርሙስ ነው። ለስላሳው «ስኳር የለሽ» ከተባለው ዓይነት ከሆነ ምንም አይረዳም። በባቲ ገበያ በቀላሉ የሚገኘው ቴምር ትንንሹ እያንዳንዱ ከ5 እስከ 6 ግራም ይይዛል፤ ሦስቱ ይበቃሉ። ሻይ ቤት አጠገብ ለሆነ ሰው የወሎ ሻይ ከነስኳሩ መድኃኒት ነው፤ እስኪበርድ መጠበቁ ባይኖር። ከ15 ደቂቃ በኋላ ምልክቱ ካልጠፋ ያው መጠን ይደገማል፤ ከተሻለ በኋላም ቆሎው ወይም ዳቦው ይከተላል፤ ኢንሱሊኑ ገና ሥራውን አልጨረሰምና።

ጥንቅሽን ብዙዎች ያነሡልናል። በማሽላ ማሳ መካከል የሚበቅለው ይህ ጣፋጭ አገዳ በእርግጥ ስኳር አለው፤ በመንገድ ላይ የሚያኝከውም ልጅ ይጠቀማል። ነገር ግን የስኳሩ መጠን ከአገዳ አገዳ፣ ከእሸት እስከ ደረቅ በጣም ይለያያል፤ ስለሆነም በምን ያህሉ 15 ግራም እንደሚገኝ ማንም ሊናገር አይችልም። ለመዝናኛ ይሁን፤ ለማዳኛ ግን በወረቀት የተቋጠረች ስኳር ትበልጣለች።

ሩጫ ሁሉ አንድ አይደለም

እስካሁን የተናገርነው ስለ ረጅምና እርጋታ ያለው ጉዞ ነው። የ100 ሜትር ሩጫ፣ ክብደት ማንሣትና ብርቱ ግጥሚያ ግን ነገሩን ሊገለብጡት ይችላሉ። በእነዚህ ጊዜ ሰውነት አድሬናሊን በብዛት ስለሚያፈስ ጉበት ያለውን ይለቃል፤ የደም ስኳር ለጥቂት ጊዜ ከመውረድ ይልቅ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 በምዕራብ አውስትራሊያ ተመራማሪዎች የታተመ አንድ ትንሽ ጥናት፣ ከመካከለኛ እንቅስቃሴ በኋላ በሙሉ ኃይል የሚደረግ የ10 ሴኮንድ ሩጫ ከዚያ በኋላ ሊመጣ የሚችለውን የስኳር መውረድ ለጊዜው እንደሚገታ አሳይቷል። ይህ ለፊዚክስ ሰው ደስ የሚል ውጤት ነው፤ በዳገት ላይ ለደከመች ተማሪ ግን ሩጪ ብለን አንመክርም።

የደም ስኳር ከፍ ብሎ ሳለ በስፖርት አወርደዋለሁ ማለትም ስሕተት ነው። ከ270 በላይ ሆኖ ኪቶን ከታየ ችግሩ የኢንሱሊን እጦት ነው፤ እንቅስቃሴው ስኳሩንም ኪቶኑንም ያባብሳል። ኪቶን መለኪያ በሌለበት ቦታ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፣ የበሰለ ፍራፍሬ የመሰለ የአፍ ጠረን ከታየ የሚኬደው ወደ ሜዳ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

እግር ኳስ የሚከታተሉ አንባቢያን ናቾ ፈርናንዴዝን ያውቁታል። ስፔናዊው ተከላካይ በ12 ዓመቱ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም እንዳለበት ሲነገረው ኳስ የሚያበቃለት መስሎት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ግን የሪያል ማድሪድ አምበል ሆኖ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ አነሣ። አሜሪካዊው ዋናተኛ ጌሪ ሆል ታናሹ ሕመሙ እ.ኤ.አ. በ1999 ከታወቀለት በኋላ በ2000 በሲድኒ፣ በ2004 ደግሞ በአቴንስ ኦሊምፒክ የ50 ሜትር ወርቅ አግኝቷል። እነዚህ ሰዎች ሐኪምና መለኪያ በአጠገባቸው እንደነበራቸው እናውቃለን። ሆኖም አንዳንድ የስፖርት መምህራን ሕመሙ ያለበትን ተማሪ «አንተ ከዛፉ ሥር ተቀመጥ» ማለታቸው ትክክል አለመሆኑን ለማሳየት ይበቃሉ። ተማሪው ከክፍለ ጊዜው በፊት ዳቦውን ይብላ፤ በመምህሩ መሳቢያ ውስጥ ስኳር ይቀመጥ፤ ከዚያ ይሩጥ።

ትልቁ እንቅፋት ከመምህሩ ይልቅ ይሉኝታ ነው ብለን እናምናለን። ክፍል ውስጥ ብቻውን ሲበላ መታየትን የሚያፍር፣ ሕመሙን ከጓደኞቹ የሚደብቅ ወጣት ብዙ ነው፤ በተለይ ሴት ልጆች የትዳር ነገር እየታሰበባቸው ቤተሰብ ራሱ ዝም በሉ ይላቸዋል። የስኳር መውረድ ምልክቶች ደግሞ ለማያውቅ ሰው ያሳስታሉ፤ ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ከዚያም መቃዠት፣ ያለ ምክንያት መቆጣት፣ መንገዳገድ ይታያል። ያየው ሰው ሰክሯል ይላል፤ ወይም ቡዳ በላው ብሎ ጭስ ያጨስበታል። ከአንድ ጓደኛ በቀር ማንም ባያውቅ እንኳ ያ አንድ ጓደኛ ምልክቱንና ስኳሩ ያለበትን ኪስ ማወቅ አለበት። ታካሚው መዋጥ እያቃተው ከሆነ ወይም ራሱን ከሳተ በአፉ ውሃም ሆነ ለስላሳ አይፈስስበትም፤ ወደ ሳንባው ይገባልና። በጎኑ ያስተኙት፤ ማር ወይም ርጥብ ስኳር በጉንጩና በድዱ ውስጠኛ ክፍል ይቀቡት፤ ወዲያውም ወደ ሕክምና ያድርሱት።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መጨመር እንወዳለን። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ እነ ዶክተር ሽታዬ ዓለሙ ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ወጣት ታካሚዎች ብዙዎቹ ቀጫጮች፣ ድሆችና በምግብ እጥረት ያደጉ መሆናቸውን አመልክተው፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ሕመም ጉዳይ እንደገና ይከፈት ወይ ብለው ጠይቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ይህን ዓይነት «ዓይነት አምስት» ብሎ ተቀብሎታል። ለእነዚህ ሰዎች «መክሰስ ቀንሱ» የሚል ከውጭ ተተርጉሞ የመጣ በራሪ ወረቀት ከሥፍራው ውጭ የተነገረ ቃል ነው።

ጾም፣ ጫትና የግመል ወተት

ስለ ባቲና ስለ ከሚሴ ተናግሮ ስለ ረመዳን ዝም ማለት አይቻልም። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ባወጣው መመሪያ ዓይነት አንድ ታካሚዎችን በጾም ረገድ ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው ወገን ይመድባቸዋል፤ እስልምናም ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለው ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። ይሁን እንጂ ብዙ ወጣቶች ከቤተሰቡ ተለይተው መብላት ስለሚከብዳቸው ይጾማሉ። እንዲህ ያለ ሰው ከረመዳን በፊት ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ መጠኑንና ሰዓቱን ማስተካከል ይኖርበታል። በመመሪያው መሠረት የደም ስኳር ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ በየትኛውም ሰዓት ጾሙ ይፈታል፤ ጣት ተወግቶ ደም መለካትም ጾም አያፈርስም። ሱሁር በተቻለ መጠን ወደ ንጋት ይዘገያል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው የተራዊሕ ሶላት ራሱ እንደ አካል እንቅስቃሴ የሚቆጠር መሆኑን ነው፤ ከአፍጥር ኢንሱሊን በኋላ ይመጣልና ቴምር በኪስ ይዞ መሄድ ይገባል። እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ክርስቲያንም የጠዋቱ ኢንሱሊን ጫፍ ያለ ምግብ እንደሚያልፍበት ልብ ይሏል።

ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ከሰዓት በኋላ ሲቃም መክሰሱ ብቻ ሳይሆን ራቱም ይረሳል። የልብ መምታቱና መቅበጥበጡም የስኳር መውረድን ምልክት ስለሚመስል ሰውዬው ምርቃና ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

የግመል ወተት የስኳር ሕመምን ይፈውሳል የሚለው እምነት በቆላው አካባቢ ሥር የሰደደ ነው። በህንድ ራጃስታን፣ ቢካነር ከተማ፣ የተደረጉ ትንንሽ ጥናቶች ወተቱን በየቀኑ የጠጡ ዓይነት አንድ ታካሚዎች የሚያስፈልጋቸው ኢንሱሊን መጠነኛ ቅናሽ እንዳሳየ ጽፈዋል። ቅናሽ ማለት መተካት አይደለም። ወተቱን አምኖ መርፌውን ያቆመ ዓይነት አንድ ታካሚ ጥቂት ቀናት ብቻ ናቸው የሚቀሩት። ከመርፌው ጋር ግን ወተት፣ የግመልም ይሁን የላም፣ ጥሩ መክሰስ ነው።

ሙቀቱና ሌሊቱ

ተማሪያችን ገበያ ውላ የምታድር ከሆነ ኢንሱሊኗንም ይዛ መውጣቷ ነው። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጥ ይባላል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የሸክላ ገንቦ ትልቅ ባለውለታ ነው። ከሸክላው ቀዳዳ ወጥቶ የሚተን እያንዳንዱ ግራም ውሃ 2.4 ኪሎ ጁል ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ 100 ግራም ሲተን 240 ኪሎ ጁል ይሆናል። ከውጭ የሚገባ ሙቀት ባይኖር ይህ 5 ሊትር ውሃን በ11 ዲግሪ ለማቀዝቀዝ ይበቃል። አየሩ በደረቀ መጠን ትነቱ ስለሚጨምር የአፋር ጠርዝ ለገንቦ ተስማሚ ነው። ብልቃጡ ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በኬንያ ዳዳብ የስደተኞች ጣቢያ የነበረውን የ25 እስከ 37 ዲግሪ መለዋወጥ ተከትለው እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተሙት ጥናት፣ ኢንሱሊኑ ለ4 ሳምንት ጉልበቱን እንደጠበቀ አሳይቷል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ብልቃጥ ግን ከዚህ ውጭ ነው።

የቀረው ሌሊቱ ነው። ዳገቱ ካለቀ በኋላ ጡንቻ የባዶ ጎተራውን መሙላት ይጀምራል፤ ከደም የሚስበው ግሉኮስ ወዲያው ከእንቅስቃሴው በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከ7 እስከ 11 ሰዓት ቆይቶ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ከፍ እንደሚል በወጣቶች ላይ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ተማሪያችን ቤቷ የደረሰችው 10 ሰዓት ላይ ከሆነ ሁለተኛው ጊዜ ከሌሊቱ 5 እስከ 9 ሰዓት ይውላል። የማታውን ኤንፒኤች የወጋችው 12 ሰዓት ላይ ነው፤ የእርሱም ጫፍ ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ይዘልቃል። ሁለቱ በአንድ ላይ የሚገጥሙት ሁሉም ሰው በተኛበት፣ ላቧንም መቃዠቷንም የሚያይ በሌለበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ሰኞ ማታ ከራት በኋላ፣ ልትተኛ ስትል፣ አንድ ብርጭቆ ወተትና ግማሽ ቂጣ ትበላለች፤ በትራሷ አጠገብም የተቋጠረ ስኳርና አንድ ኩባያ ውሃ ይቀመጣል፤ አብራት የምትተኛው እህቷም ወይም እናቷ ለምን እንደተቀመጠ ታውቃለች።